አንድ ባንድ፣ ሁለት ከተማ፦ የዋልያስ ባንድ ዝና፣ መለያየትና መልሶ መገናኘት

(በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቂሊንጦ፣ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል)

 

አዘጋጆቹ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሮክ ባንዶች መነሣትና መበተን እንድናገር ነበር። የዚህ ታሪክ ቅርጽ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ጥቂት ወጣቶች ይገናኛሉ፤ ዝና ያገኛሉ፤ በገንዘብ ወይም በክብር ይጣላሉ፤ ይበተናሉ፤ ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ደግሞ ታርቀው አንድ መድረክ ላይ ይወጣሉ። አሜሪካዊው ኢግልስ በ1980 ተበትኖ በ1994 ተመልሶ ተሰባሰበ። ሌድ ዘፔሊን በ1980 የከበሮ መቺውን ሞት ተከትሎ ፈረሰ፤ በ2007 ለንደን ላይ ለአንድ ሌሊት ተገናኘ። እኛም ብንሆን ከሮክ ባንድ አልጎደልንም፤ አራት ድምፃውያንን አሰልፎ በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት ያወጣው ጃኖ ባንድ አለን። የጃኖ ታሪክ ግን ገና በመጻፍ ላይ ያለ ነውና ለሌላ ቀን ይቆየን። ዛሬ የምናገረው ስለ ዋልያስ ባንድ ነው። የመረጥኩትም የዚህ ባንድ መለያየት ከላይ ከጠቀስኩት ቅርጽ ጋር ስለማይገጥም ነው። ዋልያዎቹ የተለያዩት ስለተጣሉ አልነበረም።

ሁለት ነገሮችን አስቀድሜ ላሳስብ። በሸክላዎቹና በካሴቶቹ ላይ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ በመሆናቸው፣ ከአዋጆች ቁጥር በቀር ሁሉንም በዚያው እጠራቸዋለሁ። በሌላ በኩል፣ በሙዚቃ ጽሑፎቻችን አንጋፋን ባለሙያ «አንተ» እያሉ መጻፍ ተለምዷል፤ ለአንድ ፕሮፌሰር የምንሰጠውን አክብሮት ኪቦርድ ላይ ስድሳ ዓመት ለተቀመጠ ሰው የምንነፍግበት ምክንያት ስላልታየኝ እኔ «እርስዎ» ማለትን መርጫለሁ።

የዋልያስን ነገር ለመረዳት አስቀድሞ አንድ ሙዚቀኛ የማን ነበር የሚለውን መጠየቅ ይገባል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወት ሰው በአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ ሀገር ፍቅር፤ ሁሉም ደመወዝ ከፋይ ተቋማት ነበሩ። ሳክስፎኑ የመንግሥት ነው፤ ልብሱ የመንግሥት ነው፤ ተጫዋቹ ራሱ በማዕረግ የተመዘገበ ነው። በ1960ዎቹ ግን የምሽት ክበቦችና ሆቴሎች ሲበራከቱ ከተቋማቱ ውጭ የሚሠሩ ቡድኖች ብቅ ማለት ጀመሩ። ሶል ኤኮስ፣ ዓለም ግርማ ባንድ፣ ኋላም ዳህላክና አይቤክስ የዚህ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። አምሃ እሸቴም በ1969 የራሳቸውን የሸክላ ድርጅት መሥርተው ሸክላ የማሳተምን ሥልጣን ለአንድ ተቋም ብቻ የሰጠውን ደንብ በድፍረት ጥሰው ማለፋቸው የታወቀ ነው።

ይሁንና ከመንግሥት ደመወዝ ወጡ ማለት ነጻ ወጡ ማለት አልነበረም። በክበቦቹ ውስጥ ጊታሩ፣ ኦርጋኑ፣ ማጉያው፣ ከበሮው የባለቤቱ ንብረት ነበር። ሙዚቀኛው እጁንና ጆሮውን ብቻ ይዞ ይገባል፤ ከባለቤቱ ጋር ከተጋጨም ያንኑ ይዞ ይወጣል። መሣሪያ እንደ ዛሬው በየሱቁ በማይገኝበት፣ የአንድ ኦርጋን ዋጋ የብዙ ወራት ገቢ በሚውጥበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ባንድ የምንለው ነገር በእርግጥ የክበቡ ዕቃ ክፍል ተቀጥያ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

የዋልያስ አባላት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬነስ ክበብ ውስጥ አብረው ይሠሩ ከነበሩ ሙዚቀኞች መካከል የተሰባሰቡ ናቸው። ኦርጋንና አኮርዲዮን ላይ ኃይሉ መርጊያ፣ ሳክስፎን ላይ ሞገስ ሀብቴ፣ ትረምፔት ላይ ዮሐንስ ተኮላ፣ ጊታር ላይ ማሕሙድ አማን፣ ባስ ላይ መላከ ገብሬ፣ ከበሮ ላይ ተማረ ሐረጉ፣ ፒያኖ ላይ ደግሞ ድምፃዊውና አቀናባሪው ግርማ በየነ ነበሩ። ዋልያዎቹን ከሌሎቹ የለያቸው አንዱ ውሳኔ መሣሪያዎቻቸውን የራሳቸው ማድረጋቸው ነው። ይህን ውሳኔ ከሙዚቃቸው እኩል ቦታ እሰጠዋለሁ። የራሱ መሣሪያ ያለው ባንድ ውል ይደራደራል፤ ካልተስማማው ጭኖ ይሄዳል። እነሱም ጭነው ሄዱ፤ መዳረሻቸው በ1969 የተከፈተው ሂልተን ሆቴል ነበር። እዚያም ለአሥር ዓመት ገደማ ቆዩ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ዋልያ በሰሜን ተራሮች የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኝ የዱር ፍየል ነው። በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረውና ማሕሙድ አሕመድን በ«እሬ መላ መላ» ያጀበው ተፎካካሪ ባንድ ደግሞ ስሙ አይቤክስ ነበር፤ አይቤክስ ማለትም ያው የዋልያ ዘመድ የሆነው የዱር ፍየል የፈረንጅ ስም ነው። በአንድ ከተማ፣ በሁለት ሆቴሎች፣ አንድ እንስሳ በሁለት ቋንቋ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ያድር ነበር ማለት ነው። አይቤክስ ኋላ ሮሃ የሚለውን ስም ይዞ የካሴቱን ዘመን ዋና ዋና ድምፃውያን አጅቧል፤ ስለ እሱ ራሱን የቻለ ገለጻ የሚያቀርብ ሰው ቢገኝ እኔ የፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

«ሌሊቱን ሙሉ» ያልኩት በዘይቤ አይደለም። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ አዲስ አበባ ለዓመታት በሰዓት እላፊ ሥር ኖራለች። ሰዓት እላፊው የምሽት ሕይወትን ያጠፋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ በታላላቅ ሆቴሎች ግን የተገላቢጦሹ ሆነ። ሰዓቱ ከደረሰ በኋላ ማንም ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል በሩ ይዘጋል፤ ውስጥ ያለው ሰው ሊነጋጋ ድረስ ውስጥ ነው። ባንዱም እንደዚያው። ለእራት የሚሆን ለስላሳ ዜማ፣ ከዚያ ጃዝና ሶል፣ ከዚያ የአገር ቤቱ፣ ከዚያ ደግሞ ሰው እንዳያንቀላፋ የሚያደርግ ጉልበት ያለው ምት። ሰባትና ስምንት ሰዓት በተከታታይ መጫወት ያለበት ቡድን፣ በዚያውም በየሌሊቱ ለዓመታት፣ አንዱ የሌላውን እስትንፋስ ሳይቀር ያውቃል። በቀረጻዎቻቸው ላይ የምንሰማው ጥብቅነት የልምምድ ክፍል ውጤት ብቻ አይመስለኝም፤ የተዘጋው በር ውጤት ነው።

እዚህ ላይ ከአቃቂ ሆነን እንመልከተው። በዚያ ዘመን አቃቂ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ፉጨት፣ የጅቡቲው ባቡር፣ የፈረቃ ሠራተኛ። ከዚህ ተነሥቶ ሂልተን መግባት በገንዘብም በልብስም ከባድ ነበር፤ በሰዓት እላፊ ዘመን ደግሞ መመለሻ የለውም። ለአቃቂ ወዛደር የጥበብ መድረክ ተብሎ የተመደበለት የኪነት ቡድኑ ነበር፤ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው፣ አብዮቱን የሚያወድስ መዝሙር የሚያሰማው። ታዲያ ዋልያስ እዚህ እንዴት ተሰማ? በሬዲዮና በካሴት ነው። ካሴት የሂልተንን በር ለአቃቂ የከፈተ ቁልፍ ነበር ብል ያስኬደኛል።

ባለፈው ዓመት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በዚሁ ክፍለ ከተማ በየቤቱ የተቀመጡ አሮጌ ካሴቶችን ለማየት ስንዞር፣ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ እናት ከአልጋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አውጥተው ከፈቱልን። ከካሴቶቹ አንዱ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ለቋል። ስናጫውተው የኦርጋን ዜማ መጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ዜማው ተቆረጠና አንድ ሕፃን ፊደል ሲቆጥር ተሰማ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ እስከ መ ደረሰና ዜማው ካቋረጠበት አልፎ ቀጠለ። «እማማ፣ ይህ ማን ነው?» ስንላቸው «ልጄ ነዋ፤ ዘፈኑን አበላሸብኝ ብዬ ቀጥቼዋለሁ፤ አሁን ግን ዘፈኑን ሳይሆን እሱን ነው የምሰማው» አሉን። ልጁ ዛሬ የት እንዳለ አልጠየቅንም። ስለ ካሴት ጥበቃ በምንነጋገርበት ጊዜ «ዋናው ቅጂ» የምንለው ነገር በሰዎች ቤት ምን ማለት እንደሆነ ካስተማሩኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ወደ ቀረጻዎቹ ልመለስ። የባንዱ ዋና ሥራ በ1977 በካይፋ ሬኮርድስ፣ ማለትም «አሊ ታንጎ» በሚባሉት በአሊ አብደላ ካይፋ አማካይነት የወጣው «ቼ በለው» ነው። ሙሉ በሙሉ በመሣሪያ የተሠራ አልበም ነው። ግጥም በሳንሱር ማለፍ ግዴታው በሆነበት ዘመን ቃል የሌለው ሙዚቃ መርማሪን የሚያሳስብ ነገር እንደማይኖረው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን «ዝም ያሉት በፍርሃት ነው» የሚለውን የተለመደ ትርጓሜ አልቀበለውም። ድምፃዊ በሌለበት ኦርጋኑ ድምፃዊ ሆነ። ኃይሉ መርጊያ የዜማ መስመሩን የሚያንሸራትቱበት፣ ጫፉን የሚያንቀጠቅጡበት መንገድ ከአዝማሪ ጉሮሮ የተወሰደ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ባስና ከበሮ ደግሞ በጊዜው ከአሜሪካ ይመጣ የነበረውን ፈንክ ጠንቅቀው ያውቃሉ። አምስቱ የቅኝት ኖታዎች በዚህ ምት ላይ ሲቀመጡ ሁለቱም ሳይጎዱ ይኖራሉ። በአልበሙ ውስጥ የሚገኘው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» ከሁሉም በላይ ሩቅ ተጉዟል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በኒውዮርክና በቦስተን ያሉ ባንዶች ተጫውተውታል። በ1978 ደግሞ ኃይሉ መርጊያ በግዮን ሆቴል ይሠራ ከነበረው ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በካሴት አወጡ። የሂልተኑ ሰው ከግዮኑ ባንድ ጋር መሥራቱ በጊዜው የነበረውን የሙያ ወንድማማችነት ያሳያል፤ ወይም ደግሞ የራሱ መሣሪያና የራሱ ስም ያለው ሙዚቀኛ የት መሥራት እንደሚችል።

አሁን ወደ 1981 እንምጣ። በዚህ ዓመት ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድ፣ ከጌታቸው ካሣና ከውብሸት ፍሥሐ ጋር ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ሄደ። ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ በአሜሪካ እየተዘዋወረ ሲጫወት ይህ የመጀመሪያው እንደነበር ይነገራል። ተመልካቹ በአብዛኛው ሀገሩን ጥሎ የወጣ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ በአሜሪካ ቀሩ። ዮሐንስ ተኮላንና ተማረ ሐረጉን ጨምሮ ሌሎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

ስለዚህ ውሳኔ ሁለት ዓይነት አነጋገር እሰማለሁ። አንዱ የቀሩትን የነጻነት ጀግኖች፣ የተመለሱትን የዋሆች ያደርጋል። ሌላው የቀሩትን ባንዱን ያፈረሱ ከዳተኞች፣ የተመለሱትን አገር ወዳዶች ያደርጋል። ሁለቱም በ1981 አንድ ሙዚቀኛ ምን በእጁ እንደነበረ አያዩም። የመውጫ ፈቃድ ማግኘት ራሱ ብርቅ ነበር፤ አንዴ የተመለሰ ሰው ዳግም ይወጣል የሚል ዋስትና አልነበረውም፤ የቀረ ሰውም ዳግም ይገባል የሚል ዋስትና አልነበረውም። እንግዲህ ጥያቄው «ከባንዱ ጋር ትቀጥላለህ ወይ?» አልነበረም። ጥያቄው «ቀሪ ዕድሜህን ከየትኞቹ ዘመዶችህ ጋር ትኖራለህ?» የሚል ነበር። የኢግልስ አባላት ሲለያዩ አንዱ ለሌላው ስልክ የማይደውለው ስላልፈለገ ነው። ዋልያዎቹ ግን ከምሽት እስከ ንጋት አብረው ከተጫወቱ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት ክፍለ ዓለማት ተከፈሉ፤ በመካከላቸውም የሐሳብ ልዩነት ሳይሆን ድንበር ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለሕግ ተማሪ ጥሩ የፈተና ጥያቄ ይወጣዋል። ዋሽንግተን ከቀሩት መካከል ዙላ የተሰኘ ባንድ ተቋቋመ። አዲስ አበባ የተመለሱት ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ ደግሞ ዋልያስ ቁጥር ሁለት በሚባል ቡድን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መሥራታቸውን ቀጠሉ። ታዲያ ዋልያስ የትኛው ነው? ኦርጋኑ፣ ፒያኖው፣ ሳክስፎኑና ባሱ ዋሽንግተን ናቸው፤ ትረምፔቱና ከበሮው አዲስ አበባ፤ ስሙ አዲስ አበባ፤ ዝናው በየካሴቱ። የራሳቸውን መሣሪያ የገዙት ሰዎች ስማቸውን ግን የሚያስመዘግቡበት ቦታ አልነበራቸውም። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የወጣው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግግ ነበር፤ ነገር ግን ደራሲን እንጂ ተጫዋችን በተጫዋችነቱ የሚያውቀው ሕግ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው የመጣው፤ የሮያሊቲ አሰባሰቡ ደግሞ በማሻሻያው በ872/2007። ስለዚህ «ቼ በለው» ላይ ትረምፔት የነፋ ሰው በተቀዳበት ጊዜ ሕጋዊ ማንነቱ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ለአንድ ጊዜ ሥራ የተከፈለው ሰው ነበር ከማለት በቀር መልስ የለኝም።

ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ብቻቸውን ገብተው «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን ካሴት ሠሩ። ይህን ሥራ ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች ደጋግሜ አሰማለሁ። አኮርዲዮን አለ፤ በልጅነታቸው የተማሩት መሣሪያ። ሮድስ ፒያኖ፣ ሞግ ሲንተሳይዘርና በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረው ያማሃ ዲኤክስ ሰባት አሉ። ከበሮው የማሽን ነው። ሰባት ሰዎች ይሠሩት የነበረውን አንድ ሰው ይሠራዋል። በ1977ቱ አልበም ላይ የሚሰማው የሰባት ሰው መተማመን የለም፤ በምትኩ የሰፋ ባዶ ቦታ አለ፤ አኮርዲዮኑም በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ይጣራል። ሰዎች «ቴክኖሎጂ ባንድን ገደለው» ይላሉ። እኔ ቅደም ተከተሉ የተገላበጠ ይመስለኛል፤ ባንዱ አስቀድሞ ተለያይቶ ነበር፤ ማሽኑ የመጣው የጎደለውን ወንበር ሊሞላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ተጽፎበታልና አሳጥረዋለሁ። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በተለይም በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዱ። ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ጊዜ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከዕቃ መጫኛው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። የውጭ ጋዜጦች ይህን «የተረሳ ሊቅ» ታሪክ አድርገው ይወዱታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ልምምዱ ነው። የተረሳ ሰው አይለማመድም፤ የሚለማመድ ሰው ሥራ ላይ ነው። ግርማ በየነም ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ከመድረክ ርቀው ኖረዋል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የወጡ እጅግ ብዙ የሸክላ ዘፈኖችን ያቀናበሩት እሳቸው መሆናቸውን ስታስቡ፣ ይህ ዝምታ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የአንድ የአቀነባበር ትምህርት ቤት ዝምታ ነበር።

መመለሱ በሁለት መንገድ መጣ። የመጀመሪያው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ሲዲ ነው። ሁለተኛው የካሴት መንገድ ነው። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባሉ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ «ሸሞንሟናዬ»ን በካሴት አግኝተው፣ ባለቤቱን ፈልገው ስልክ ደወሉ፤ በ2013ም «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚባለው ድርጅታቸው እንደገና አሳተሙት። ልብ በሉ፤ ካሴቱ ዋሽንግተን ተሠርቶ፣ ባለቤቱ በሌሉበት ጣና ዳር ድረስ ተጉዞ፣ ከዚያ ተነሥቶ ዋሽንግተን ያሉትን ባለቤቱን ፈልጎ አገኘ። ከዚያ «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ የ1975ቱ የዋልያስ ካሴት «ትዝታ» በ2021 ተከታትለው ወጡ። ኃይሉ መርጊያም አዳዲስ ሥራ ጨመሩ፤ «ላላ በሉ» በ2018፣ «የኔ ምርጫ» በ2020። በ2017 ደግሞ ግርማ በየነ አካሌ ውቤ ከተሰኘው የፓሪስ ወጣቶች ባንድ ጋር የኢትዮፒክስን ሠላሳኛ ቁጥር ቀዱ።

እንግዲህ ይህ መልሶ መገናኘት ነውን? ከኃይሉ መርጊያ ጋር «ላላ በሉ»ን የሠሩት ባስ ተጫዋችና ከበሮ መቺ አውስትራሊያውያን ናቸው። ከግርማ በየነ ጋር የተሰለፉት ፈረንሳውያን ናቸው። ሁለቱ የዋልያስ አባላት በሁለት ክፍለ ዓለም፣ ዋልያስን በጆሮ ካጠኑ የባዕድ አገር ልጆች ጋር ተመለሱ። ኪዩባ ውስጥ በ1996 የቦና ቪስታ ሶሻል ክለብ አረጋውያን ሲሰባሰቡ ቢያንስ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በገዛ ከተማቸው ነበሩ። የኛዎቹ አልሆነላቸውም። የተገናኙት ካሴቶቹ ናቸው፤ ሽፋኑ ላይ «ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ» ተብሎ ሲጻፍ ስሞቹ ተገናኙ፤ ሰዎቹ ግን አንድ መድረክ ላይ አልተሟሉም። ይህን መልሶ መገናኘት ብሎ መጥራት ለአሳታሚ ይመቻል፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን አይበቃም። ይህን ስል ያሳተሙትን መውቀሴ አይደለም። የኔ ቅሬታ ወደ እኛ ነው የሚያመለክተው፤ ባሕር ዳር የነበረውን ካሴት ከባሕር ዳር ሰው በፊት ያነሣው ለምን ሌላ ሆነ?

መልሱ ገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። ካሴትን ሰነድ አድርገን አላየነውም። የብራና ጽሑፍ ሲገኝ የምንደነግጠውን ያህል ለማግኔት ክር አንደነግጥም። ከዕድሜ አንጻር ግን ብራናው ይሻላል። የማግኔት ክር በፕላስቲክ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ ነው። በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተሠሩ ብዙ የስቱዲዮ ጥቅል ክሮች ማጣበቂያቸው ከአየር እርጥበት እየሳበ ይላቀቃል፤ ሲጫወቱ ብናኙ ከማንበቢያው ራስ ላይ ይቀራል፤ ያ ብናኝ ሙዚቃው ነው። በ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ለብዙ ሰዓታት በጥንቃቄ ማሞቅ ለአጭር ጊዜ ያጠነክረዋል፤ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ መገልበጥ ነው። የቤት ካሴቶች በዚህ ችግር እምብዛም አይጠቁም፤ እነሱን የሚያጠፋቸው ሻጋታ፣ መለጠጥና የላይኛው ድምፅ እየሳሳ መሄዱ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥርም ሹክሹክታው ይጨምራል፤ በገበያ ይዞር የነበረው ቅጂ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ማንም አይቆጥርም ነበር።

ይህ እንግዲህ የእናንተ ሥራ ነው። የኬሚካል ምሕንድስና ተማሪ የማጣበቂያውን ጠባይ ያውቃል። የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ ፍጥነቱ የተዛባን ቅጂ ሊያቃና፣ ሹክሹክታን ከሲምባል ድምፅ ሊለይ ይችላል፤ ቸኩሎ ካጸዳው ግን ሲምባሉንም ከነሹክሹክታው ያጠፋዋል፤ በዚህ ረገድ በኢንተርኔት የምሰማቸው ብዙ «የጸዱ» ቅጂዎች ያሳዝኑኛል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ደግሞ ማን ትረምፔት ነፋ፣ ማን ባስ መታ የሚለውን ከእያንዳንዱ ትራክ ጋር የሚያስቀምጥ መዝገብ ሊሠራ ይችላል። የመጨረሻው ከሁሉም የሚያስቸኩል ነው፤ ክሩን ነገም መገልበጥ ይቻል ይሆናል፤ በክሩ ላይ ማን እንዳለ የሚያውቁት ሰዎች ግን አርጅተዋል። በካሴቶቻችን ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶግራፍ ይገኛል፤ የሙዚቃ ቤቱ ስልክ ቁጥርም ይገኛል፤ የከበሮ መቺው ስም ግን በአብዛኛው የለም። አዋጅ 410 ለተጫዋች መብት ሰጥቶታል፤ ስሙ ያልተጻፈ ተጫዋች ግን መብቱን በምን ይጠይቃል?

በክፍለ ከተማው የጀመርነው የካሴት ምዝገባ ትንሽ ነው፤ ሁለት መምህራን፣ አንድ ማጫወቻና አንድ ላፕቶፕ። ቆርቆሮ ከአልጋ ሥር ያለው ሰው ካለ ቆርቆሮውን አይስጠን፤ ለአንድ ቀን ያውሰን። በላዩ የተቀዳ የልጅ ድምፅ ካለም አናጠፋውም፤ እንዳለ እንገለብጠዋለን።

ለጥያቄ ከመግባታችን በፊት አንድ ሥራ ላሰማችሁ። «ሙዚቃዊ ስልት» ነው፤ ከ1977ቱ አልበም። ለመደነስ የሚፈልግ አይከለከልም። ነገር ግን ነፋሾቹ በገቡ ጊዜ አንድ ሆነው የሚሰሙትን ሁለቱን ለይታችሁ ለመስማት ሞክሩ። ደመቅ ብሎ ከላይ የሚሰማው ትረምፔት አዲስ አበባ የተመለሰው ነው። ከጎኑ ያለው ሳክስፎን ዋሽንግተን የቀረው ነው። ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጉልን።